ሽማግሌዎቼ «ድራግ ይሠራል» ብለው ሚስት ጠየቁልኝ

ዛሬ የደረሰብኝን ብነግራችሁ ግማሾቻችሁ አታምኑኝም። ግማሾቻችሁ ደግሞ ንፋስ መውጫ ስለምትኖሩ ከእኔ ቀድማችሁ ሰምታችኋል።

ለሁለታችሁም ልጻፈው። ሌላ ሰው አጣምሞ ከሚጽፈው ራሴ ላጣምመው!

ለማታውቁኝ፦ ጎሚስታ ነኝ። መናኸሪያው አጠገብ ጎማ የምለጥፈው፣ ፊቱ የማይፈታው ሰውዬ። «እንደምን ዋልክ» ስትሉኝ «ምን ፈለግህ?» የምለው። አዎ፣ እሱ።

አርባ ሰባት ዓመቴ ነው። ማንበብና መጻፍ የቻልኩት በሠላሳ ስምንቴ ነው።

ይቺን ነገር ያዙልኝ። በኋላ ታስፈልገናለች።

አሁን ወደ ጥፋቴ።

በትርፍ ጊዜዬ መኪና እሠራለሁ። ትንንሽ መኪና፣ ቤቴ ውስጥ፣ ጠረጴዛ ላይ። መጫወቻ ግን አይደለም! «መጫወቻ» ያለኝን ሰው ጎማ ሁለተኛ አልለጥፍም።

ሞዴል ነው የሚባለው። እውነተኛው መኪና ላይ ያለው ነገር ሁሉ ተለክቶ፣ ሃያ አምስት ጊዜ አንሶ፣ አንድም ሳይቀር ይሠራል። መሪው፣ ፔዳሉ፣ ስምንቱ ካንዴላ፣ ከየካንዴላው የሚወጣው ሽቦ ጭምር።

ደግሞ ተራ መኪና አልሠራም። ሁለት ሁለት ሆነው ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ መብራት ሲበራላቸው አራት መቶ ሜትር ያህል ቀጥ ብለው ይተኮሳሉ። ዓይናችሁን አሽታችሁ ሳትጨርሱ አለቀ። ከዚያ ከኋላቸው ጃንጥላ ዘርግተው ይቆማሉ። እነሱን ነው የምሠራው።

የውድድሩ ስም ድራግ ነው።

ድራግ።

ሳቁ። አሁኑኑ ሳቁና ጨርሱ፤ እኔ እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ የሚያስቅ ነገር አልታየኝም ነበር።

ነገሩን ያመጣብኝ አንድ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነው። ጎማ እየለጠፍኩለት ጋቢናው ውስጥ የተረገጠ ካርቶን አየሁ፤ ውስጡ ቁርጥራጭ ፕላስቲክ ሞልቷል። «ውሰደው ባክህ፣ ተገጣጥሞም አልመጣም» አለኝ።

አለመገጣጠሙ ነዋ ቁም ነገሩ!

ካርቶኑ ላይ ሥዕል አለ። ፊቱ እንደ ሞፈር የረዘመ መኪና። የፊት ጎማዎቹ የካፖርት ቁልፍ ያክላሉ። የኋላዎቹ ግን... ወገኖቼ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ጎማ ስነካ እንዲህ ያለ ጎማ አላየሁም!

በጎማው ተያዝኩ። ሌላው በዓይን ይያዛል፣ በዳሌ ይያዛል። እኔ በጎማ።

ካርቶኑ ላይ በትልቁ 1:25 የሚል ተጽፏል። ምን እንደሆነ አላወቅኩም። ፊደል ያስተማሩኝ መሪጌታ ናቸው፤ ከዳዊት ላይ ነው ያስቆጠሩኝ። ስለዚህ ካርቶኑን ይዤ እሳቸው ዘንድ ሄድኩ።

መነጽራቸውን አደረጉና አዩት። ገልብጠው አዩት።

«ምዕራፍ አንድ፣ ቁጥር ሃያ አምስት ነው» አሉኝ። «የየትኛው መጽሐፍ እንደሆነ ግን አልጻፉም። ግድ የለሾች!»

አትሳቁ። እኔ ራሴ አንድ ሳምንት ሙሉ ስፈልግ ነበር። ከዚያ ደግሞ ሰዓት መሰለኝ፤ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሃያ አምስት። በዚያ ሰዓት መጀመር አለበት ይሆን ብዬ አንድ ቀን ማልጄ ተነስቻለሁ።

በመጨረሻ ስልክ ላይ በቪዲዮ አየሁትና ገባኝ። ሃያ አምስቱ የእኔ መኪና ጫፍ ለጫፍ ቢደረደር አንዱን እውነተኛ ያክላል ማለት ነው። ስኬል ይሉታል።

የመጀመሪያው ከካርቶኑ ተሠራ። የቀሩትን ስምንት ራሴ ከምንም ነው ያወጣኋቸው። የጭስ ማውጫው ካለቀ እስክሪብቶ ቀፎ፣ ጎማው ከውስጥ ጎማ ላስቲክ፣ ጃንጥላው ከተቀደደ ጃንጥላ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ጉራ ነው፤ ግን ዛሬ ጉራ ያስፈልገኛል። ያ መኪና ሲነሳ የኋላ ጎማው ይሸበሸባል። ነፋሱ ሆን ተብሎ ስለሚቀነስ መሬቱን ጨምድዶ ይይዛል። ስልክ ላይ የማያቸው የዓለም ሠሪዎች ሁሉ ጎማውን ድብልብል አድርገው ይተዉታል። እኔ ሽብሽቡን በምላጭ እቀርጸዋለሁ። አንዱ ጎማ ሳምንት ይፈጅብኛል።

ይኼን ሽብሽብ በሕይወቴ ያየልኝ አንድ ሰው ብቻ ነው።

ብርቄ ትባላለች።

ብርቄ ወፍጮ ቤት አላት። ባሏ ከሞተ አራት ዓመት ሆነው። አንድ ቀን የጋሪ ጎማ ልታስለጥፍ መጥታ አንዱን ሞዴል ሱቄ መስኮት ላይ አየችው። ሰው ሁሉ ሲያየው የሚጠይቀኝ «ይሄዳል?» ብሎ ነው። «አይሄድም» ስል «ታዲያ ምን ያደርጋል?» ይለኛል። እኔም «አንተስ ምን ታደርጋለህ?» እለዋለሁ። ወሬው እዚያው ያልቃል።

እሷ ጎንበስ ብላ አየችና፣ «ጎማው ለምን ተሸበሸበ?» አለችኝ።

አለቀልኝ።

ከዚያ ወዲህ የዚያች ጋሪ ጎማ ዓሥራ አንድ ጊዜ ተንፍሷል። ግማሹን እኔ ሆን ብዬ በደንብ እንዳልለጠፍኩት አምናለሁ፤ ግማሹን ደግሞ እሷ ሳትወጋው አትቀርም። ብቻ ተግባባን። «አባቴን በወጉ አስጠይቅ» አለችኝ። ወግ ያለ ነገር አላውቅም፣ ግን እሺ አልኩ።

እዚህ ላይ የመጀመሪያዋን ሚስቴን ላንሳ። አልወቅሳትም። ከድንጋይ ጋር መኖር ይሻላል ብላ ሄደች፤ እውነቷን ሳይሆን አይቀርም።

የሄደች ዕለት ግን ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ትታልኝ ነበር።

ማንበብ አልችልም ነበር።

ምናልባት «እናቴ ጋ ደርሼ እመለሳለሁ» የሚል ይሆናል ብዬ ጎረቤት ወሰድኩት። ጎረቤቴ ደጅ ላይ ቆሞ፣ ሰው እያለፈ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበልኝ። የእኔን ክፋት ሁሉ፣ ከአንድ እስከ መጨረሻ። በማግስቱ ጎማ ሊያስለጥፍ የመጣ ሁሉ ወረቀቱን በቃሉ ያውቀዋል!

ፊደል የቆጠርኩት ለዚህ ነው። «ዕውቀት ብርሃን ነው» ምናምን ብዬ አይደለም። ሁለተኛ የእኔን ወረቀት ሌላ ሰው እንዳያነብልኝ ነው።

እና ዛሬ ምን አደረግሁ? ስለ ራሴ በገዛ እጄ ወረቀት ጽፌ፣ ሌላ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነበው ላክሁ!

ደደብ! (ለራሴ ነው።)

ሽማግሌዎቼ ሦስት ናቸው። አንደኛው መሪጌታ። ሁለተኛው ከወገዳ ድረስ የመጣው አጎቴ ካሴ፤ መኪናዎቼን አይቶ የማያውቅ፣ ግን ስለ እኔ ምንም ቢነገር «እንዴታ!» የሚል ሰው። ሦስተኛው ሌላ ጎረቤቴ ነው፤ ለቁጥር ነው የሄደው።

ሽማግሌ ሲጠየቅ «ልጃችሁ ማን ነው? ምን ይሠራል?» መባሉ አይቀርም። ሰዎቹ እንዳይሳሳቱ ብዬ ትናንት ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። አራት ጊዜ ገለበጥኩት። እያንዳንዱን ፊደል ልክ እንደ ካንዴላ ሽቦ በየቦታው አስቀመጥኩት።

«መኪና ይሠራል» ብዬ ለመጻፍ አስቤ ነበር። ግን መካኒክ ነኝ ብዬ የዋሸሁ መሰለኝ። አባትየውም መኪና ያለኝ እንዳይመስላቸው ፈራሁ። ውሸት አልወድም። ስለዚህ በእውነተኛ ስሙ ጻፍኩት።

ከነፊደሉ ይኸውላችሁ፦

«ሥራው ጎሚስታ ነው። መጠጥ አያበዛም። በትርፍ ጊዜው ቤቱ ውስጥ ድራግ ይሠራል። ማንም አላስተማረውም፣ ከስልክ አይቶ ነው። የመጀመሪያው ከጅቡቲ መጣለት፤ አሁን ግን ራሱ ከምንም ተነስቶ ያዘጋጃል። ዕቃው ትንሽ ነው፤ ጥራቱ ግን ከውጭው አያንስም። ሲሠራ ሽታው ራስ ስለሚያዞር መስኮት ይከፍታል። እስካሁን ለማንም አልሸጠም፤ ለራሱ ብቻ ነው። ብርቄ ካገባችው ግን ሁለቱ አብረው ሊሠሩ ይችላሉ።»

ሽታው የማስቲሽ ነው! የማስቲሽ!

አሁን ሳነበው ይገባኛል። ትናንት ግን በሕይወቴ ከጻፍኩት ሁሉ የሚያምረው እሱ ነበር።

ቀጥሎ ያለውን እኔ አላየሁትም፤ አጎቴ ካሴ ነው የነገረኝ። ሦስት ጊዜ ነገረኝ፣ ሦስቱንም ጊዜ እየሳቀ።

ከቅዳሴ በኋላ የብርቄ አባት ግቢ ገቡ። አባትየው አያ ዘውዴ ይባላሉ፤ የታወቁ ገበሬ ናቸው፣ ቃላቸው አጭር ነው። ሽማግሌዎቼ እንደ ወጉ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው ቆሙ። «ተቀመጡና ተናገሩ» ተባሉ። ተቀመጡ።

አያ ዘውዴ አጠገብ ወንድ ልጃቸው ነበር፤ ጌትነት፣ የብርቄ ታናሽ። መምህር ነው። ልብ በሉ፦ ትምህርት ቤቱ ውስጥ የፀረ አደንዛዥ ዕፅ ክበብ ኃላፊ ነው!

ከአገሩ መምህር ሁሉ እሱ!

«ልጃችሁ ምን ይሠራል?» አሉ አያ ዘውዴ።

መሪጌታ ወረቀቴን አወጡ። ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት። እሳቸው ደግሞ ወረቀት ተራ አድርገው ማንበብ አያውቁም። ድርሳን እንደሚያነቡ፣ በዜማ ሊባል በሚችል ድምፅ፣ ከፍ አድርገው አነበቡት። ዶሮ እንኳ ዝም አለች አለኝ አጎቴ።

«...ለራሱ ብቻ ነው። ብርቄ ካገባችው ግን ሁለቱ አብረው ሊሠሩ ይችላሉ።» ብለው አጠፉት። «ይኸው ነው ልጃችን።»

ጌትነት ተነስቶ ቆመ። «ምንድነው የሚሠራው አላችሁ?»

«ድራግ» አሉ መሪጌታ።

«ድራግ?!»

«እንዴታ!» አለ አጎቴ ካሴ። «እጁ ወርቅ ነው! የሱን ያህል የሚሠራ ከዚህ እስከ ወገዳ አታገኝም!»

አመሰግናለሁ አጎቴ።

«እና ቤቱ ውስጥ ነው የሚያዘጋጀው?»

«ሌላ የት ሊያዘጋጅ? ጨዋ ልጅ ነው፤ ውጭ አይዞርም!»

አያ ዘውዴ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ምንድነው ይኼ ድራግ የምትሉት?»

«አደንዛዥ ዕፅ ነው አባዬ።»

«ጫት ነው?»

«ጫት በስንት ጣዕሙ!»

አጎቴ እዚህ ቦታ ላይ ሲደርስ ሳቁ አላስጨርስ አለው። መሪጌታ ግን አልሳቁም ነበር። በቅዳሴ አፋቸው ያን ሁሉ አንብበዋል። እሳቸው መኪናዎቼን ያውቃሉ፤ «ድራግ» እንደሚባሉ ግን አልነገርኳቸውም። ስለዚህ የመሰላቸው ምንድነው? መኪናውን አሳይቼ ሌላውን የደበቅኳቸው!

ስልክ አነሱ።

እኔ በዚያ ሰዓት ሱቄ ውስጥ ነኝ። ኮት ለብሼአለሁ። ኮት ለብሶ ጎማ የሚለጥፍ ሰው አይታችኋል? ዛሬ ነበር።

ስልኩ ጮኸ። መሪጌታ ድምፃቸው ተቆራርጧል።

«ያን ድራግህን ይዘህ አሁኑኑ ና» አሉኝ።

ዘጉት።

ወገኖቼ፣ ምን እንደተሰማኝ ልንገራችሁ? ደስታ! ሊያዩት ፈልገው ነዋ! ወረቀቴ ሠርታለች! አባትየው «እስኪ የእጁን ጥበብ አምጡልኝ» ብለዋል ማለት ነው!

ቤቴ ሮጬ ምርጧን አነሳሁ። ዘጠነኛዋን፣ ሦስት ወር የፈጀችውን። በጫማ ካርቶን ውስጥ ነው የማስቀምጣት። የኋላ ጎማዎቿ ለስላሳ ላስቲክ ስለሆኑ ከካርቶኑ ጋር እንዳይጣበቁ ዱቄት ነስንሼባቸዋለሁ። ጎሚስታ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው፤ ላስቲክ ዱቄት ይወዳል። የሕፃን ፓውደር ነው።

ነጭ።

መንገድ ላይ አንድ ነገር ቢነቀል ብዬ የማስቲሽ መርፌዬንም አብሬ ካርቶኑ ውስጥ ከተትኩ። ማስቲሹን ጠብ ጠብ የማደርግበት የሐኪም መርፌ ነው።

አዎ። መርፌ።

ባጃጅ ውስጥ ካርቶኑን እንደ ታቦት ታቅፌ ሄድኩ። ባለ ባጃጁን «ቀስ በል፣ ጉድጓድ አትግባ» እያልኩ አሰቃየሁት። ፈገግ ብዬም ነበር መሰለኝ፤ «ታመሃል እንዴ ጋሼ?» ብሎኛል።

ግቢው ስገባ ማንም አልተነሳልኝም። መሪጌታ መሬት መሬት ያያሉ። ጌትነት ስልኩን ይዞ ቆሟል።

እኔ ግን ምን አውቄ! «እንደምን ዋላችሁ!» አልኩ በሙሉ አፌ። «ድራጉን አምጥቼዋለሁ!»

አንዲት ሴት በጓዳ በኩል «ኡ!» ስትል ሰማሁ።

ካርቶኑን ከአያ ዘውዴ እግር ሥር አስቀመጥኩና በኩራት ከፈትኩት።

የከተማችን ስም በከንቱ አልወጣም። ንፋሱ መጣ። ፓውደሩ ተነሳ!

መሪጌታ ከጥምጣማቸው እስከ ጋቢያቸው ነጭ በነጭ ሆኑ። አጎቴ ካሴ አነጠሰ። ጌትነት አፍንጫውን በነጠላ አፍኖ ወደ ኋላ ዘለለ።

«አትተንፍሱ!» አለ። «አባዬ፣ አትተንፍስ! መርፌውን እዩት! መርፌም አለው!»

አያ ዘውዴ ትንፋሻቸውን ይዘው አዩኝ። ዓይናቸው ፈጠጠ።

እኔ አሁንም አልገባኝም። «መርፌው ለመጠገኛ ነው» አልኩ። «መንገድ ላይ ሲያስፈልግ አንድ ሁለት ጠብታ እጠቀማለሁ።»

ያን ጊዜ ነው መሪጌታ የጮኹት። «መኪናውን አሳየኸኝ፣ ድራጉን ግን ደበቅከኝ! አንተ ልጅ፣ ዳዊት ያስደገምኩህ ለዚህ ነው?»

«የኔታ፣ መኪናው እኮ ነው ድራጉ!»

«ምን?»

«መኪናው! መኪናው ነው ድራግ የሚባለው!»



ከጓዳ ብርቄ ወጣች። እሁድ ስለሆነ ንጹሕ ለብሳለች፤ ወፍጮ ቤት ከምትውልበት ልብስ ውጭ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። ማንንም ሳታይ ካርቶኑ አጠገብ ተንበረከከች። ጣቷን ፓውደሩ ውስጥ ነከር አድርጋ አሸተተችው።

«የሕፃን ፓውደር ነው» አለች። «ዱቄት ያስያዛል ካላችሁ እኔን ቀድማችሁ እሰሩኝ፤ ዘመኔን ነጭ ሆኜ ነው የምኖረው።»

መኪናዋን ብድግ አድርጋ እፍ አለችባት።

ወጣች። ቀይ፣ ረዥም፣ ስምንት ጭስ ማውጫ፣ ሽብሽብ ጎማ። ፀሐይ አረፈባት። ራሴ ሠርቻት ራሴ ደነገጥኩ።

እዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። አላለቀም።

ጌትነት አፍሯል። ያፈረ መምህር ደግሞ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ፤ ያርማል። ወረቀቴን ከመሪጌታ እጅ ተቀብሎ እንደ ተማሪ ደብተር ያየው ጀመር።

«አንተ ነህ የጻፍከው?»

«እኔ ነኝ።»

«ሰው የማያውቀውን ነገር አይጽፍም። አገር ልታፈርስ ነበር እኮ! ድሮ ጣትህን ስታትም ይሻልህ ነበር።»

ማንም አልሳቀም።

ያ ጎረቤቴ ደጅ ላይ ቆሞ ያነበበልኝ ቀን ትዝ አለኝ። ወረቀት ሁለት ጊዜ አዋረደኝ። አንዴ ማንበብ ባለመቻሌ፣ አንዴ መጻፍ በመቻሌ። ታዲያ መማሩ ምን ጠቀመኝ? ብርቄ ቆማ እየሰማች ነው። ካርቶኔን ይዤ ልውጣ ብዬ ነበር። እግሬ ዞሯል።

ምላሴ ግን አልዞረችም።

«መምህር» አልኩት። «አንተ የተማርክ ነህ። እስኪ ድራግ ብለህ ጻፍልኝ። ዕፁን።»

እስክሪብቶ አወጣና በወረቀቴ ጀርባ ጻፈ። ድራግ።

«አሁን ደግሞ ድራግ ብለህ ጻፍልኝ። መኪናውን።»

ጻፈ። ድራግ።

አየው። ሰረዘው። «ድረግ» ብሎ ጻፈ። አየው። እሱንም ሰረዘው። «ድራግ» ብሎ በላዩ ላይ ጻፈና «በእንግሊዝኛ እኮ ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው...» አለ።

መሪጌታ ወረቀቱን ተቀበሉ። አዩት። ፓውደሩ ከጢማቸው እየረገፈ መሳቅ ጀመሩ።

«ሀ ሦስት አለን» አሉ። «ሠ ሁለት። ጸ ሁለት። አ ሁለት። ለአንድ ድምፅ ይኼን ሁሉ ፊደል ያኖሩልን አባቶች ለእነዚህ ለሁለቱ አንድ አላስተረፉም! ተማሪዬ ፊደል አልሳተም። ፊደሉ ነው እሱን የሳተው።»

ተማሪዬ አሉኝ። በሰው ፊት።

ንፋስ ነው ዓይኔ ውስጥ የገባው። ፓውደርም ነበረው።

አያ ዘውዴ ደግሞ እጃቸውን ዘረጉ። መኪናዋን ከብርቄ እጅ ተቀበሉ። ስልሳ ዓመት እርፍ በጨበጠ እጅ። ያዙብኝ! የያዙት ደግሞ በአፍንጫዋ ነው፣ በቀጭኑ በኩል!

«ሞፈር ነው እንጂ መኪና ነው ይኼ?»

«መኪና ነው አያ።»

«ምን ያህል ይሄዳል?»

«እውነተኛው አራት መቶ ሜትር ያህል።»

«ከዚያስ?»

«ይቆማል።»

«አራት መቶ ሜትር የእኔ ማሳ ዳር እስከ ዳር ነው። ጫፍ ሲደርስ ይታጠፋል?»

«አይታጠፍም። ቀጥ ብሎ ብቻ ነው የሚሄደው።»

«በሬ እንኳ ጫፍ ሲደርስ ይታጠፋል!» አሉና ለማሳየት እጃቸውን አዞሩ።

ቀጭ።

የፊት ጎማ መያዣው። ሦስት ወር።

«ተሰበረ እንዴ?» አሉኝ።

እኔን ታውቁኛላችሁ። ጎማ በመዶሻ የመታብኝን ሹፌር ከነመዶሻው ያባረርኩ ሰው ነኝ። አፌን ከፈትኩ። ብርቄን አየሁ። አፌን ዘጋሁ።

«ኧረ ምንም አይደለም አያ» አልኩ። «እንዲያውም መሰበር ነበረበት።»

ይኼን ያልኩት እኔ ነኝ። ምስክር አለኝ።

መሪጌታ የዚያን ጊዜ ብድግ አሉ። ሽማግሌ ማለት ይኼ ነው፤ ከሰማይ የወረደችውን አንዲት ቃል ጠብ ሳትል ይቀልባል።

«አያ ዘውዴ፣ ይስሙኝ» አሉ። «መኪናው አይታጠፍም ብሏል። ሰውየውም ቃሉን አያጥፍም። ፊቱም አይፈታም፣ እሱን አንዋሽም። ግን የማይታጠፍ ሰው ነው ያመጣንልዎ።»

«እንዴታ!» አለ አጎቴ ካሴ።

አያ ዘውዴ የተሰበረችውን መኪና አዩ። እኔን አዩ። የከንፈራቸው ዳር ንቅንቅ ያለ መሰለኝ።

«ሁለት ሳምንት እንመካከር» አሉ። «ስትመለሱ ይቺን ጠግኖ ያምጣት። ወረቀቱንም እንደገና ይጻፍ።»

«እምቢ» አላሉም። በእኛ አገር ቀጠሮ ከተሰጠ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ስንወጣ ወረቀቴን ፈለግሁ፤ ልቀደው። ከመሪጌታ እጅ ላይ የለም። ጌትነት ጋም የለም። ዞር ስል ብርቄ አራት አጥፋ መቀነቷ ውስጥ ስትሸጉጠው አየኋት።

አንዷ ጽፋልኝ ሄደች። አንዷ የጻፍኩትን ይዛ ገባች።

ከአንድ ሰዓት በፊት መልእክት ላከችልኝ። «ፊደልህ ያምራል። ሁለተኛ ግን ለሽማግሌ ከመስጠትህ በፊት ለእኔ አሳየኝ» ይላል። ማንም አላነበበልኝም። ራሴ ነኝ ያነበብኩት። ስንት ጊዜ እንደሆነ አልነግራችሁም።

አሁን የፊት ጎማ መያዣውን እያጣበቅሁ ነው። መስኮቱ ክፍት ነው። የሚያልፈው ሁሉ ቆም እያለ ያሸታል። «ድራጉን ጀመረ!» ብሎኝ ያለፈም አለ። ስምህን አውቀዋለሁ፣ የሞተርህ የኋላ ጎማም እንደሚተነፍስ አውቃለሁ። እንገናኛለን።

ትምህርቴን ወስጃለሁ። ሰው ስለ ራሱ ሲጽፍ አንባቢው የማያውቀውን ቃል መተው አለበት። በግልጽ በአማርኛ መጻፍ ነው። አዲሱን ወረቀት ጀምሬዋለሁ፣ በጣም ተጠንቅቄ፣ እያንዳንዱን ቃል ሦስት ጊዜ አስቤ፦

«ሥራው ጎሚስታ ነው። በትርፍ ጊዜው ቤቱ ውስጥ ሃያ አምስት ጊዜ ያነሰ፣ የማይታጠፍ፣ ቀይና ረዥም ይሠራል።»

አንድ ነገር የጎደለው ይመስለኛል፣ ግን ምን እንደሆነ አልታየኝም። እስኪ እናንተ እዩልኝ፤ ምን ረሳሁ?